የወለድ አንቀጽ የሌለው ውል

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ሰነድ ብዙ ገጽ ነበረው። ገዢዋ እያንዳንዱን ገጽ በእርጋታ እያነበበች ስትፈርም ቆይታ የብድሩ ውል ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዋናው የብድር ገንዘብ ቀጥሎ የዓመት ወለድ ልክ በሚጻፍበት መስመር ላይ አንድ ዜሮ ብቻ ሰፍሮ ነበር። ጣቷን ዜሮው ላይ አሳርፋ ቀና አለችና ቁጥሩ ሳይሞላ ተረስቶ እንዳይሆን ጠየቀችኝ። አለመረሳቱን፣ ብድሩ በእርግጥ ወለድ የማይታሰብበት መሆኑንና ይህም ከወራት በፊት በተሰጣት ገለጻ ላይ የተነገረ መሆኑን አስረዳኋት። «መስማቱንስ ሰምቼው ነበር፤ ተጽፎ ግን አላየሁትም» አለችኝና ፈረመች።

እኔ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት የምሠራ የሪል እስቴት ጠበቃ ነኝ። የሽያጭ ሰነዶችን አዘጋጃለሁ፣ የባለቤትነት መዝገብ እመረምራለሁ፣ እዚህ ያለው ወገናችን ሁሉ «ክሎዚንግ» የሚለውን የመጨረሻውን የፊርማ ቀጠሮ እመራለሁ። ጆርጂያ ውስጥ ይህን ቀጠሮ መምራት የሚችለው ጠበቃ ብቻ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ቤት የሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ድርጅት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ጠበቆች ሁልጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም በዓመት ውስጥ ከጥቂት ቀጠሮዎች ላይ የማልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የዚያች ሴት ጣት ዜሮው ላይ ማረፉ ግን ለብዙ ጊዜ ሳስበው የኖርኩትን ነገር እንድጽፍ ገፋፋኝ። ስለ ሃቢታት የሚያወራ ሰው ሁሉ መዶሻውንና በጎ ፈቃደኛውን ያነሣል። መሥራቹ ሚላርድ ፉለር ጠበቃ እንደነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ በመዶሻ የተሠራው ሳይሆን በብዕር የተጻፈው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፉለር በ1935 በአላባማ ግዛት ላኔት በምትባል አነስተኛ የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ካጠና በኋላ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1960 ተመረቀ። የንግድ ተሰጥኦው ግን ገና ተማሪ ሳለ የታወቀ ነበር። ሞሪስ ዲስ ከተባለ የሕግ ተማሪ ጓደኛው ጋር ሆኖ ለተማሪ ወላጆች ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ወላጅ ገንዘቡን ከላከ እነርሱ ለልጁ የልደት ኬክ ያደርሱለታል። ከዚያ ወደ ሌላ የፖስታ ሽያጭ ተሻገሩ፤ የትራክተር መቀመጫ ትራስ ሸጡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት አሳተሙ። ሁለቱ ሞንትጎመሪ ላይ የጥብቅና ቢሮ ቢከፍቱም ንግዱ ጥብቅናውን ዋጠው፤ ፉለር 30 ዓመት ሳይሞላው ሚሊየነር ሆነ። ዲስም ቢሆን ኋላ ላይ ወደ ሕጉ ተመልሶ በ1971 ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው የሲቪል መብት ተሟጋች ድርጅት መሥራች ከሆኑት አንዱ ነው። ከአንድ የኬክ ንግድ ሁለት እንዲህ ያሉ ድርጅቶች መብቀላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሀብቱ ትዳሩን ሊያፈርስበት ደረሰ። በ1965 መገባደጃ ባለቤቱ ሊንዳ ጥላው ወደ ኒው ዮርክ ሄደች፤ ባሏ ከሥራው ሌላ የሚያየው ነገር እንደሌለ ነግራዋለች። ተከትሏት ሄዶ ብዙ ተነጋግረውና ተላቅሰው ሲታረቁ የደረሱበት ውሳኔ፣ ያላቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለበጎ ሥራ ሰጥተው ኑሯቸውን ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ነበር። ይህን ክፍል ብዙዎች እንደ ስብከት ይተርኩታል። እኔ ለደንበኞቼ የንብረት ዝውውር ሰነድ የማዘጋጅ ሰው እንደመሆኔ፣ ትርፍ የሚያስገኝ ድርሻን ሸጦ ገንዘቡን ማከፋፈል በወረቀት ላይ ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ ውሳኔው በአንድ ሌሊት ለቅሶ የተፈጸመ አድርጌ ማየት ይቸግረኛል። ደጋግሞ የተወሰነ ውሳኔ መሆን አለበት።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ጆርጂያ ውስጥ ከአሜሪከስ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ኮይኖኒያ የሚባል የእርሻ ማኅበር ለአጭር ጊዜ ሊጎበኙ ጎራ አሉ፤ አንድ ወር ያህል ቆዩ። ኮይኖኒያ በግሪክ ኅብረት ማለት ነው። ማኅበሩን በ1942 ከመሠረቱት መካከል ዋናው ክላረንስ ጆርዳን በግብርና የተመረቀና በግሪኩ አዲስ ኪዳን ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ያለው የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ መቀመጥ በማይፈቀድበት አገር፣ ጥቁርና ነጭ አብረው እየሠሩ እኩል ደመወዝ የሚያገኙበትን እርሻ አቋቋመ። ለዚህም በ1950ዎቹ ዋጋ ከፍለዋል፤ ቤታቸው ላይ ጥይት ተተኩሷል፣ በመንገድ ዳር የነበራቸው መሸጫ በፈንጂ ፈርሷል፣ የአካባቢው ነጋዴዎች አንሸጥላችሁም ከእናንተም አንገዛም ብለው አግደዋቸዋል። በአካባቢው መሸጥ ሲከለከሉ የፒካን ለውዛቸውን በፖስታ ወደ ሌሎች ግዛቶች መላክ ጀመሩ። በፖስታ ኬክ የሸጠ ሰው እግሩ እዚያ ቢረግጥ የሚገባውን ቋንቋ አገኘ ማለት ነው።

ስለ ክላረንስ ሲነገር የኖረ፣ ለጠበቃ ጆሮ ግን ለየት ያለ አንድ ታሪክ አለ። ማኅበሩ በተከሰሰበትና በተከበበበት በዚያ ዘመን ክላረንስ ጠበቃ ወደሆነው ወንድሙ ወደ ሮበርት ጆርዳን ሄዶ እንዲቆምለት ጠየቀው። ሮበርት የፖለቲካ ተስፋ ያለው ሰው ነበር፤ ሥራውን፣ ቤቱን፣ ያለውን ሁሉ ሊያጣ እንደሚችል ነግሮት እምቢ አለ። ክላረንስም ሁለቱ ልጆች ሳሉ በአንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመው ክርስቶስን እንከተላለን ማለታቸውን አስታወሰው። ሮበርት እስከ አንድ ደረጃ ድረስ እንደሚከተል መለሰ። ያ ደረጃ መስቀሉ እንደሆነ ወንድሙ ሲጠይቀው፣ እስከ መስቀሉ እሄዳለሁ፣ መስቀሉ ላይ ግን አልወጣም አለ ይባላል። ሮበርት ኋላ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል። ይህ ታሪክ ሲተረክ አድማጭ ሁሉ በሮበርት ላይ ይፈርዳል። እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም። አወዛጋቢ ደንበኛ ይዞ ከቢሮው የቀሩት ደንበኞች አንድ በአንድ ሲሸሹ ያላየ ሰው፣ ያንን እምቢታ ቀላል አድርጎ ማየቱ አይገርመኝም። ሆኖም ኮይኖኒያ የፈለገውን ጠበቃ ያገኘው ከሥጋ ወንድም ሳይሆን ከአላባማ ከመጣ እንግዳ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይከነክነኛል።

ፉለርና ቤተሰቡ በ1968 ወደ ኮይኖኒያ ገቡ። እርሱና ክላረንስ ተቀምጠው የመከሩት ነገር በአካባቢው ስለሚኖሩት፣ ለብዙ ዘመን በሰው መሬት ሠርተው ምንም ስላልያዙት የገጠር ቤተሰቦች ነበር። ክላረንስ በዚያ ዓመት ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ድሃው የሚያስፈልገው ምጽዋት ሳይሆን መነሻ ካፒታል እንደሆነ፣ ባለጸጋው ደግሞ ከተረፈው ሀብት በጥበብና በፍትሕ የሚላቀቅበት መንገድ እንደሚያስፈልገው ገልጿል። ግማሽ ግማሽ ኤከር የሆኑ 42 የቤት ቦታዎች ተሸነሸኑ፤ የመጀመሪያው ቤት ከማለቁ በፊት ግን ክላረንስ በጥቅምት 1969 በድንገት አረፈ። በማጓጓዣ ሣጥን ውስጥ በእርሻው ኮረብታ ላይ ያለ ሐውልት ተቀበረ። ሥርዓተ ቀብሩን የመራው ፉለር ሲሆን፣ በመጨረሻ ገና በአፏ የምትኮላተፈው ሕፃን ልጁ ወደ ጉድጓዱ ተጠግታ የምታውቀውን ብቸኛ መዝሙር፣ የልደት ቀን መዝሙሩን፣ ዘመረችለት ይባላል።

አሁን ወደ ሰነዱ ልመለስ፤ መጻፍ የፈለግሁት ስለ እርሱ ነውና።

ዘጸአት 22፥25 ለድሃ ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ይከለክላል። ይህን ቃል አማኝ ሁሉ ያነበዋል፤ ሰባኪ ይሰብክበታል። ፉለር ያደረገው ቃሉን ወደ ውል አንቀጽ መለወጥ ነው። ቤቱ በነጻ አይሰጥም፤ ይሸጣል። ሻጩ ትርፍ አይጨምርበትም፤ ገዢው ዋጋውን በረጅም ጊዜ በየወሩ ይከፍላል፤ ወለድ አይታሰብበትም። የተከፈለው ገንዘብ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይገባና የሌላ ቤተሰብ ቤት ይሠራበታል። በኮይኖኒያ ቋቱ «ለሰብአዊነት የሚሆን ፈንድ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤተሰብ በየወሩ ሲከፍል ዕዳውን ብቻ እየቀነሰ አልነበረም፤ ለማያውቀው ጎረቤት አበዳሪ እየሆነም ነበር።

የወለድ አለመኖር ምን ያህል እንደሚያቀል የማያምን ሰው ስለማይጠፋ በቁጥር ላሳይ። 150,000 ዶላር በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር ያለ ወለድ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው 417 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ገንዘብ ላይ 6 በመቶ የዓመት ወለድ ቢታሰብ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 899 ዶላር ይወጣል፤ ተበዳሪው በ30 ዓመት የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብም ወደ 323,757 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከ173,000 ዶላር በላይ የሚሆነው ወለድ ብቻ ነው፤ ሰውየው የገዛው አንድ ቤት ሆኖ ሳለ የከፈለው ግን ከሁለት ቤት በላይ ነው። እርግጥ በዚህ ላይ የንብረት ግብርና የመድን ክፍያ ይጨመራል፤ ዛሬም ሁሉም የሃቢታት ቅርንጫፎች ወለድ በሌለው ብድር ብቻ አይሠሩም፣ ዝቅተኛ ወለድ የሚያስከፍሉም አሉ። የድርጅቱ ሥር ግን ያ ዜሮ ነው።

ጠበቃን የሚያስደስተው ደግሞ ሁለተኛው ሰነድ ነው። አንድ ቤት የገበያ ግምቱ 220,000 ዶላር ሆኖ በ150,000 ተሸጠ እንበል። የ70,000 ዶላሩ ልዩነት ዝም ከተባለ፣ ገዢው በማግሥቱ ሸጦ ትርፉን ኪሱ ከትቶ ሊሄድ ይችላል፤ የሚያባብለው ደላላም አይጠፋም። ስለዚህ በልዩነቱ ልክ ሁለተኛ የመያዣ ሰነድ ይጻፋል። በየወሩ የሚከፈልበት አይደለም፤ ባለቤቱ በቤቱ እየኖረበት ሲሄድ ከጊዜ ብዛት ይሰረዝለታል፤ ቶሎ ከሸጠ ግን ይጠየቅበታል። አንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ለጋስ ሆኖ ሰውን አለማመን ይመስለዋል። እኔ እንዲያውም ቤተሰቡን የሚጠብቅ አጥር አድርጌ ነው የማየው። ቤቱን ሊነጥቅ የሚመጣ ብልጣ ብልጥ ገዢ መጀመሪያ መዝገብ ቤት የተመዘገበ ሰነድ ፊቱ ይደቀንበታልና።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አንድ በዕድሜ የገፉ፣ በዘመናቸው ነጋዴ የነበሩ ሰው አስቁመውኝ «ልጄ፣ ነጻ ቤት የምትሰጡት እናንተ ናችሁ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም ጋሼ፣ በነጻ አይሰጥም፤ ሰው ሠርቶ፣ ተበድሮ፣ ከፍሎ ነው የሚገባበት» አልኳቸው። «ታዲያ ዕዳ ነው በዪኛ!» አሉኝ ቅር እያላቸው። ወለድ እንደሌለው ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ባይከፍልስ?» አሉ። ነጋዴ ናቸውና የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ባይከፍል ድርጅቱ ይታገሣል፣ ያማክራል፣ የክፍያ ጊዜ ያሸጋሽጋል፤ ሁሉም ካልሆነ ግን ውሉ ውል ነውና ቤቱን የመውሰድ መብት አለው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲህ ከሆነ ይዘልቃል» አሉ።

ፉለር ሐሳቡ ከጆርጂያ ውጭ ይሠራ እንደሆነ ለማየት በ1973 ቤተሰቡን ይዞ በዚያን ጊዜ ዛየር ወደሚባለው የዛሬው ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ወደ ምባንዳካ ከተማ ሄደ፤ ሦስት ዓመት ኖሮበት ተመለሰ። በ1976 እዚያው ኮይኖኒያ ላይ ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ ሃቢታትን መሠረተ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መኖሪያ የነበረችው ፕሌንስ ከአሜሪከስ ጎረቤት ናትና በ1984 ካርተርና ባለቤቱ ሮዛሊን በኒው ዮርክ ለ19 ቤተሰቦች የሚሆን ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሲጠገን መዶሻ ይዘው ከተሰለፉ በኋላ ስሙ በመላው ዓለም ናኘ። ይህ ክፍል ብዙ ስለተጻፈበት አልደግመውም።

የበጎ ፈቃዱን ጎን ግን በእጄ ስለዳሰስኩት ጥቂት ልበል። ክሎዚንግ ብቻ መምራት በቂ አልመስለኝ ብሎ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግንባታው ቦታ ሄድኩ። የራስ ቁር ተሰጠኝ፣ መዶሻ ተሰጠኝ፣ ከውጭ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን ረጃጅም ሰሌዳዎች እንድመታ ተመደብኩ። ጠበቃ ነኝና መመሪያ ሳይነገረኝ የገባኝ መሰለኝ፤ በውሃ ልክ ሳልለካ ስድስት ሰሌዳ ደረደርኩ። ጡረታ የወጡ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጡና ውሃ ልኩን አስቀምጠው አረፋዋ ወደ ዳር ስትሸሽ አሳዩኝ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው፣ የተጣመመውን በመዶሻ አቃንተው መልሰው በእጄ አኖሩልኝ። በዚያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ የሠራሁት ሥራ፣ ያፈረስኩት ሲቀነስ፣ ዜሮ ነበር። በሰዓት ሒሳብ ለምታስከፍል ጠበቃ ይህ ጥሩ መድኃኒት ነው።

በምሳ ሰዓት በአንድ ወገን ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የመጡ ወጣቶች፣ በሌላ ወገን ከአንድ መስጊድ የመጡ ሰዎች፣ በመካከሉ እኔ ከነጾሜ ተቀምጠን ነበር። ፉለር «የመዶሻ ነገረ መለኮት» የሚለው ሐሳብ ይህ ነው፤ በሃይማኖት ትምህርት የማይስማሙ ሰዎች ድሃ ቤት ያስፈልገዋል በሚለው ላይ ተስማምተው አንድ ሚስማር ይመታሉ። እርሱ ራሱ እምነቱን የሚደብቅ ሰው አልነበረም፤ ቤት ሲመረቅ ለቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ መስጠት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ቤት የሚያገኘው ቤተሰብ ግን በሃይማኖቱ አይመረጥም። መመዘኛው የቤት ችግሩ፣ የመክፈል አቅሙና ራሱም በግንባታው ላይ ላቡን ለማፍሰስ መፍቀዱ ነው። እምነት ያለው ሰው አገልግሎቱን ለማያምነው እንደ ወጥመድ ካስቀመጠው፣ አገልግሎትነቱ ይቀርና ደንበኛ ማግባቢያ ይሆናል የሚል አቋም አለኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አርአያ ደንብ 6.1 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ለማገልገል እንዲጥር ይጠይቃል። ግዴታ አይደለም፤ ባይፈጽመው የሚቀጣው የለም። ጆርጂያም ተመሳሳይ ደንብ አላት። 50 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ ራሴ ያልሞላሁባቸው ዓመታት አሉ፤ ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሁሉ እጅግ አሳማኝ ነበር፤ ምክንያት ማቅረብ ሙያዬ ነውና።

ስለ ፉለር ስጽፍ መጨረሻውን ብዘል ደግሞ ሐቀኛ አልሆንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴት ሠራተኞችን የሚመለከት ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። ኋላም አንዲት የቀድሞ ሠራተኛ ያልተገባ ድርጊት ፈጽሞብኛል ብላ ከሰሰችው፤ እርሱ ካደ። ቦርዱ ባስደረገው ምርመራ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ቢልም፣ በመካከሉ በተፈጠረው ጠብ ምክንያት በጥር 2005 እርሱንና ሊንዳን ከድርጅቱ አሰናበታቸው። በዚያን ጊዜ ሃቢታት የሠራቸው ቤቶች ወደ 200,000 ተጠግተው ነበር። አድናቂዎቹ ይህን ሲሰሙ ቦርዱን ያወግዛሉ፤ እኔ በማላውቀው ፍሬ ነገር ላይ ነጻ ነው ብዬም ጥፋተኛ ነው ብዬም አልፈርምም። የሚታየኝ ነገር ቢኖር፣ ለ29 ዓመት በአንድ ሰው ፊት የታወቀ ድርጅት ያንን ሰው አሰናብቶ ሥራውን መቀጠሉ ነው። የቀጠለው በውል፣ በቦርድና በመተዳደሪያ ደንብ ስለቆመ ነው፤ ያንን አቋም የሰጠው ደግሞ የተሰናበተው ጠበቃ ራሱ ነው። ፉለር በዚያው ዓመት ወደ ኮይኖኒያ ተመልሶ ሌላ ቤት ሠሪ ድርጅት አቋቋመ። የካቲት 2009 በ74 ዓመቱ አረፈና ክላረንስ ባለበት እርሻ በተራ የእንጨት ሣጥን ተቀበረ።

ያቺ ገዢ ፈርማ ከጨረሰች በኋላ ቁልፏን ተቀብላ ሄደች፤ ለእኔ የቀረኝ ሰነዶቹን ለአውራጃው መዝገብ ቤት መላክ ነበር። በጆርጂያ የመያዣ ሰነዱ ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የስረዛ ወረቀት ተዘጋጅቶ እንደገና መመዝገብ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ የተከፈለ ዕዳ መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ ይቀራል። ለሃቢታት የመጀመሪያውን ክሎዚንግ የመራሁት በ2016 ነው፤ ብድሩ የ30 ዓመት ስለሆነ የስረዛው ቀን በ2046 ይውላል። ያኔ በሥራ ላይ እንደማልኖር እርግጠኛ ነኝ። የስረዛውን ቅጽ ከወዲሁ ሞልቼ፣ ቀኑንና ፊርማውን ብቻ ክፍት ትቼ፣ በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ አያይዤዋለሁ።